ከሰማያዊው ክፍል ግድግዳ የወደቀው

ኳኳ በጣቷ አንጓ ግድግዳውን ሁለቴ መታ መታ አደረገችው። ድምፁ ባዶ ነበር። እርግጠኛ ለመሆን ብላ ደገመችው። መዳፍ የሚያህል ሰማያዊ ልስን ተገምሶ እግሯ ሥር ወደቀና ተሰባበረ።

ማንም አላየም። ጓደኞቿ በሚቀጥለው ክፍል መስኮት ላይ ተደርድረው ፎቶ ይነሣሉ። የክፍሉ ጠባቂ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቦርሳቸውን ይበረብራሉ። የሚፈልጉት ለኳኳ ተረከዝ የሚለጠፍ የቁስል መሸፈኛ ነበር።

ተማሪዎቹ ልስን የሚማሩ ናቸው፤ ለትምህርት ጉዞ ባሕር ተሻግረው መጥተዋል። ልስን የሚሠራ ሰው አዲስ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ግድግዳውን ያንኳኳል። የለቀቀው ባዶ ይጮኻል፤ ያልለቀቀው ድፍን ነው። ሌሎቹ ይህን የሚያደርጉት ሥራ ላይ ነው። እሷ ግን ካፌም፣ ክሊኒክም፣ የዘመድ ሳሎንም አይቀራትም፤ ስሟን ያገኘችውም በዚሁ ነው። የአክስቷን እጮኛ ቤት አንኳኩታ፣ "ይሄ ሳይወድቅ ሰርጉን ቶሎ ብትደግሱት ይሻላል" በማለቷ አክስቷ አንድ ወር አኩርፋታለች።

መምህሩ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ አስጠንቅቀው ነበር።

"እጅ ኪስ ውስጥ! በተለይ አንቺ።"

"ጋሼ፣ ቀሚሴ ኪስ የለውም።"

"እንግዲያው ካርታ ይያዝልሽ።"

ካርታ የሚባለው ልጅ መንገድ እመራለሁ እያለ ሁሌም የሚጠፋው ነው። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ አልሳቁም። "አንድ ነገር ብታበላሹ እናንተስ አይታችኋል፤ በሩ የሚዘጋው ከእናንተ በኋላ በሚመጡት ልጆች ላይ ነው" አሉ።

ከዚያ በኋላ ቀኑ ሩጫ ሆነ። ድልድዩን አዩ፤ ማማውን ወጥተው ወረዱ። ሁለቱን ቋንቋ የምትናገረው አስጎብኚ ከፊት ሆና "ቶሎ ቶሎ!" ትላለች። አክስቷ ታርቃት ለጉዞው የገዛችላት አዲስ ጫማ የኳኳን ተረከዝ ላጠው። ሙዚየም ወደ ሆነው የጥንት ነጋዴ ቤት ሲገቡ እያነከሰች ነበር።

ጠባቂዋ አይተው አዘኑላት። ቋንቋ ስለማይግባቡ በእጅ ጠሯት። ወንበራቸውን ጎትተው ግድግዳው ሥር አስጠጉና፣ ደገፍ ብላ እንድታርፍ አስቀመጧት። እሷም ጫማዋን አወለቀች። ዞር ስትል በትከሻዋ ልክ ልስኑ አብጧል። እጇ ከእሷ ቀድሞ ሄደ።

ጠባቂዋ መሸፈኛውን ይዘው ዞሩ። ግድግዳውን አዩ፤ ወለሉን አዩ። የክፍሎቹ ኃላፊ ድምፁን ሰምቶ ሲገባ ኳኳ ተነሥታ፣ አቧራ የነካውን እጇን ከጀርባዋ ደብቃ ቆማለች። ሰውየው ወንበሩ ላይ ጣቱን ቀስሮ መጮህ ጀመረ። ተማሪዎቹና መምህሩ በሩ ላይ ተሰበሰቡ።

"ምን እያለ ነው?" አለ ካርታ።

አስጎብኚዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ወንበሩ ግድግዳው ሥር ምን ያደርጋል ነው የሚላቸው። የወንበሩ መደገፊያ መትቶት ነው ይላል።"

"እሳቸውስ ምን አሉ?"

"ያስጠጋሁት እኔ ነኝ አሉ።"

እውነት ነው፤ ያስጠጉት እሳቸው ናቸው። ኃላፊው እጁን ዘረጋ። ሴትዮዋ ደረታቸው ላይ የተሰካውን የሥራ መታወቂያ ነቅለው ሰጡት። ሲወጡ በኳኳ አጠገብ አለፉና የቁስል መሸፈኛውን በእጇ አስያዟት። በየትኛው እጇ እንደተቀበለች ያወቀችው በኋላ ነው፤ መሸፈኛው ላይ ሰማያዊ አቧራ ነበረበት።

ገበያ ሄዱ። ሌሎቹ ዋጋ ተከራከሩ፣ ገዙ፣ ተሣሣቁ። ካርታ ቀረብ አላት።

"የዚህን ሁሉ ሱቅ ግድግዳ ዝም ብለሽ አለፍሽው? አሞሻል እንዴ?"

"እግሬን ነው።"

"በእግርሽ ነው እንዴ የምታንኳኪው?"

አልሳቀችም። መሸፈኛውን ተረከዟ ላይ አልለጠፈችውም፤ ቦርሳዋም ውስጥ አልከተተችውም። እጇ ውስጥ ጨብጣው ዋለች።

የመጨረሻው ጉብኝት ከተማውን ከላይ የሚያሳየው ኮረብታ ነበር። መምህሩ ከሌሎቹ ተለይተው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሄዳ አጠገባቸው ቆመች።

"ጋሼ፣ ልስኑን የጣልኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ወደ በሩ ስትመጪ እጅሽን አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"አንቺስ?"

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ዓይኗን ሳያዩ ተናገሩ።

"የሚመጡትን ልጆች አሰብኩ። ማሰብ የነበረብኝ ሴትዮዋን ነው። አስጎብኚዋ ያችውና፤ ሂጂ ንገሪያት። ለሙዚየሙ ትደውላለች።"

"በሩ ቢዘጋስ?"

"እሱን ለእኔ ተይው።"

አስጎብኚዋ አውቶቡሱ በር ላይ ቆማ ተማሪዎቹን ታስገባለች። ኳኳ እያነከሰች ደረሰች። አሁን የሚከለክላት ሰው የለም። አስጎብኚዋ ፈገግ ብላ ጠበቀቻት።

"ደከመሽ አይደል? ምን ፈለግሽ?"

ካርታ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ያያቸዋል።

"መጸዳጃ ቤት የት ነው?" አለች ኳኳ።

አስጎብኚዋ በጣቷ አሳየቻት። ገብታ እጇን ታጠበች። ስትመለስ መምህሩ ከፊት ወንበር ሆነው አዩዋት፤ ወዲያው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ምንም አልጠየቋትም። እሳቸውም ለማንም አልተናገሩም።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቡድን ወደዚያው ከተማ ሄደ። ሲመለሱ ኳኳ አንዷን ልጅ ይዛ ሰማያዊውን ክፍል የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጅቷ፣ አንድ ወጣት ወንድ እንደሆነና ቆሞ እንደሚውል፣ ክፍሉ ውስጥም ወንበር እንደሌለ ነገረቻት።