በቆርቆሮ ያለችው ጥድ

ያን ቀን ጓሯችን ውስጥ አባቴ፣ እናቴ፣ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ እና እኔ ነበርን። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ጋሼ ደሳለኝ፣ አልነበሩም፤ ከዘመቱ ሰንብተዋል፣ ወሬያቸውም ጠፍቷል።

ይህን ያስታወሰኝ የጥድ ሽታ ነው። ልጄ ሰናይት ከደብረ ታቦር ችግኝ ጣቢያ ቀጭን ድንክ ጥድ በቆርቆሮ ይዛ መጣች። “እማ፣ ከቁመትሽ አታልፍም፣ ቦታም አትይዝብሽም” አለችኝ። ቅጠሏን ስዳብስ ያው የድሮው ሽታ እጄ ላይ ቀረ።

ያኔ አባቴ እንዲህ ያለች ቀጭን ጥድ ከጣራ ገዳም አምጥተው ተከሉ። እናቴ የነጠላዋን ጥለት ወደ አንገቷ አዙራ ቆማለች።

“አባዬ፣ ይች እኮ ጥላ የላትም!” አልኩ።

“ዝም በይ አንች ለፍላፊ!” ብለው እትዬ ጥሩዬ ጎሰሙኝ።

አባቴ አፈሩን በእጃቸው እየጠቀጠቁ፣ “ጥላ አልፈለግንም ልጄ። ሄደን የምንቆምበት ይኑረን ብዬ ነው” አሉ።

እኔ የምንጫወትበት መስሎኝ ደስ አለኝ። መቃብር ላጡት ለጋሼ ደሳለኝ የተተከለች መሆኗ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

አሁን ሰናይት ጉድጓዱን ቆፍራልኛለች። ይበልጣል የሚባለው ወንድሟ ግን ሥራ ልፈልግ ብሎ ከሐሙሲት በሚኒባስ ከተሳፈረ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም።

“እማ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ትደርቅብሻለች እኮ” ትለኛለች።

ውሃ አጠጣታለሁ እንጂ መሬት አላስነካትም።

ይበልጣል ቀጠን ያለ ልጅ ነው፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ያያችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ ያለበትን ንገሩኝ።