ሁለተኛው ዱላ

ከአንበሳሜ

ማለዳ ከምኖርበት ከአንበሳሜ የተነሣሁት ወደ ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት ነው። ወንድሜ ይርጋ፣ ወረታ አጠገብ ባለችው የትውልድ መንደራችን በእርሻ ድንበር ጠብ ሰው ገድሎ ታስሯል። ጠቡን ያዩት የሟቹ አጎት አያ ሞላ ብቻ ናቸው፤ የሚመሰክሩትም ዛሬ ነው። ሟቹ መጥረቢያ ማንሣቱን ከደበቁ ወንድሜ ራሴን አዳንኩ ቢል የሚያምነው የለም።

ወረታ

ሐሙሲት ላይ መኪና ቀየርኩ። ወረታ ስንደርስ ሩዙ ቢጫ ሆኖ አጨዳው ተጀምሯል። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል አያ ሞላ ገቡ፤ የቀረችው ቦታ ከእኔ አጠገብ ነበረች። ክው አልኩ። በአገራችን ደም የተቃባ ሰው ሳይታረቅ አብሮ አይሄድም፤ መንገድ የሚለቀውም የገዳይ ወገን ነው።

«አያ ሞላ፣ አንቱ ይሂዱ፤ እኔ እወርዳለሁ» አልኳቸው።

«ተቀመጪ። ቀጠሮው የሁለታችንም ነው።»

ተቀመጥኩ። ዓለም በርን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ሩዙ ቀርቶ ገብስና ድንች መጣ፣ ብርዱም ጠና። ለይርጋ የያዝኩትን የገብስ ቆሎ ላቀርብላቸው አስቤ ፈራሁ፤ ሳይታረቁ የገዳይ ወገን እህል አይቀመስምና።

ደብረ ታቦር

ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቀኝ የነበረው የይርጋ ጠበቃ በችሎቱ በር ላይ ሕጉን አስረዳኝ። የመጣብህን አደጋ በልኩ መመከት ይፈቀዳል፤ አደጋው ካለፈ በኋላ የሚያርፈው ምት ግን መከላከል አይባልም።

አያ ሞላ ምለው ቆሙ።

«የወንድሜ ልጅ መጥረቢያ አንሥቶበታል፤ አይቻለሁ። ፊተኛው ዱላ ባያርፍ የሚሞት ይሄ ልጅ ነበር» አሉ። «ኋለኛው ዱላ ግን መጥረቢያው ወድቆ፣ ልጄ ተንበርክኮ ሳለ ነው ያረፈ። እሱንም ልናገር ነው የመጣሁ።»

ይርጋ አንገቱን ደፋ። እኔ አለቀስኩ፤ ለወንድሜም፣ ለሟቹም፣ ከሁሉ በላይ ግን ለእኒያ ሽማግሌ እውነት።

መመለሻ

መናኸሪያው ውስጥ አገኘኋቸውና ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። ቀና አደረጉኝ። ከይርጋ የተረፈውን ቆሎ ስዘረጋላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ዛሬ አልቀምስልሽም» አሉ። «መጀመሪያ ለእርቅ ሽማግሌ ላኩ።»

አንበሳሜ ስገባ መሽቶ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ፍርዱ ተነበበ፤ ይርጋ ከልክ ባለፈ መከላከል ጥፋተኛ ተባለ፣ ቅጣቱም ቀለለት። ራስን ማዳን የት ላይ እንደሚያበቃ የተማርኩት የወንድማቸውን ልጅ ካጡት ሰው ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሽማግሌዎቻችንም ትናንት ሄደዋል። እኔ ገብስ እያመስኩ ነው።