የራሴ ታላቅ እህት

ከጡቴ የተወሰደው የመርፌ ናሙና ውጤት በአሥር ቀን ይደርሳል ተብዬ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ወዳለው ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ሴት ፖስታውን ከመሳቢያ አወጣች፣ ስሙን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ከተተችው።

«ውጤቱ ደርሷል። ከቤተሰብ አንድ ሰው ይዘሽ ነይ።»

«የጡቱ ባለቤት እኔ ነኝ» አልኳት።

«ገብቶኛል፣ እህቴ። አሠራሩ ነው።»

አሠራር! ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ያኔ ዱባይና ባንኮክ ለሚመላለሰው ነጋዴ ሁሉ ቲኬት የምቆርጥ፣ ቪዛ የተከለከለን ጎረምሳ ዓይን ዓይኑን እያየሁ «አልተሳካም» የምል የጉዞ ወኪል ሠራተኛ ነበርኩ። የራሴ ጡት ጉዳይ ሲሆን ግን ሞግዚት ያስፈልገኛል። ለሁሉም ሰው ነው እንዲህ የምትይው ወይስ ክፉ ነገር ስላለ ነው ብዬ ልጠይቃት አልኩና ተውኩት። ፊቷን አሳዝና ጥፍሯን እያየች ነበር። እንዲህ ካለች ሴት የሚገኝ መልስ ምን ያደርግልኛል?

በእኛ አገር ክፉ ዜና ለባለቤቱ አይነገርም። መጀመሪያ ዘመድ ይሰማል፣ ዘመድ ይመካከራል፣ ከዚያ ሁሉም ፈገግ ብሎ ብርቱካን አንጠልጥሎ ይመጣል። ታማሚዋ ምን እንደያዛት ሳታውቅ ትሞታለች። ከቀብር መልስ ደግሞ «አታውቅም ነበር እኮ፣ ታድላ» ይባባላሉ። ይህን ደግነት ይሉታል። እኔ ፈሪነት ነው እል ነበር፤ በዚያ ላይ ስንፍና የተጨመረበት ፈሪነት።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለ እብጠቱ የነገርኩት ለአንዲት ሴት ብቻ ነበር። በማግስቱ ሁሉም አውቀው ጠበቁኝ። አንዷ የሰው ዓይን ነው አለች፤ ነጭ ቀሚሴን አይተው ነው አለች። ቀሚሱ ታጥቦ ታጥቦ ጨርቁ የሳሳ ነው፣ ማን ዓይኑን እንደሚጥልበት እንጃ። ገንዘብ ያዡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብቻ ያ በሽታ እንዳይሆን» አለኝ። በእነዚያ ዓመታት «ያ በሽታ» የሚባለው ኤድስ ነበር፤ ካንሰር ቅጽል ስም እንኳ አልደረሰውም። የበሽታ ስም መጥራት የሚፈሩ ሰዎች ስለ እኔ ጡት ምክር ለመስጠት ግን አንደበታቸው አልተሳሰረም።

ታዲያ ማንን ልውሰድ? እናትና አባቴ ወሎ ተቀብረዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከመገናኛ ላምበረት ታክሲ ይነዳል፤ ገርጂ በተከራየናት ቤት አብረን እንኖራለን። ጨዋ ልጅ ነው፣ ግን በግ ሲታረድ ዞር የሚል ሰው ነው። እሱን ብወስደው ሐኪሙ ለእሱ ይነግረዋል፣ እሱ እኔን ይዋሸኛል፣ ሁለቱም ጥሩ ሥራ የሠሩ መስሏቸው ያድራሉ። ይህን ሳስበው ደሜ ፈላ። ውጤት ገና ሐሙስ ነው አሉኝ ብዬ እሱን ወደ ሥራው ሸኘሁት።

የሐኪሞቹ ተራ ክሊኒኩ በር ላይ ተለጥፏል። እኔን የመረመረኝ ሐሙስ አይገባም። ካርድ ክፍልም ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ነው። ሐሙስ ከምሳ በኋላ የሥራ ልብሴን ለውጬ ረጅም ቀሚስ ለበስኩ፣ ሻሼን እስከ ግንባሬ ድረስ አሰርኩና ሄድኩ።

«የታማሚዋ ታላቅ እህት ነኝ» አልኩ።

መታወቂያ የጠየቀኝ የለም። ለእኔ የተከለከለው ፖስታ ለሌለች ሴት ወዲያው ወጣ። ሐኪሙ ጋውኑ የሰፋው ወጣት ነበር። ወንበር አቀረበልኝ። ሻሹ አሥር ዓመት ጨምሮልኝ መሰለኝ፣ አንቱ አለኝ።

«እህትዎ ያለባት ካንሰር ነው።»

ለካ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ ያን ሁሉ ሰው እየናቅኩ፣ በልቤ ደህና ነሽ እንደምባል እርግጠኛ ነበርኩ። ፈራሁ። ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ቶሎ ከተሠራላት ተስፋ አለው» አለ። «ሰኞ ትግባ፤ የምትተኛበትን ሆስፒታል ጽፌልዎታለሁ። ለእሷ ግን እንዳይነግሯት። ስብ ነው፣ ትንሽ ነገር ነው ይበሏት። ትደነግጣለች።»

«እሷ አትደነግጥም» አልኩት።

«እርስዎ እንኳ ይኸው ደንግጠዋል።»

ወረቀቱን አጣጥፎ ሰጠኝ። በሩ ድረስ ሸኘኝና አንድ ነገር ረስቶ እንደነበር ሁሉ «እርስዎም ይመርመሩ፣ በዘር ይሄዳል» አለኝ።

«እመረመራለሁ» አልኩት።

ገርጂ ስደርስ ወንድሜ ታክሲውን በር ላይ አቁሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እንዳልሠራ አከራያችን ነገሩኝ።

«እታለም፣ ምን አሉሽ?»

ልነግረው ነበር። እውነት ወላሂ ልነግረው ነበር። አፌን ስከፍት ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«ስብ ነው» አልኩት። «ትንሽ ነገር ነው። ሰኞ ያወጡታል።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብሎ እዚያው መሬት ላይ ሰገደ። ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ፣ ሳቀ፣ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰ ትዝ አለው። ወጥ አሞቅኩለት። ሁለት እንጀራ በላ፤ እየበላም ስለ መገናኛ ተራ አስከባሪ የሆነ ቀልድ አወራልኝ። እኔ አንድ ጉርሻ እንኳ አልወርድልኝ አለ። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሲበላ እያየሁ ቀናሁበት። ወደ ክሊኒኩ እሱን ልኬው ቢሆን ኖሮ፣ ያን ምሽት የምበላው እኔ ነበርኩ።