ላንድሎርዱ «ዶንት ዩ?» ሲለኝ

ከመቱ ልወጣ ዋዜማው፣ አመሻሹ ላይ፣ ጎረቤቶቻችን ሊሰናበቱኝ እናቴ ቤት ተሰብስበው ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው የምናወራው እየጮህን ነው። የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሼ ተሰማ ጭቃ የጠጣ ቦቲያቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡና ልጄን ሃዊን ወደ ጭናቸው ሳብ አደረጓት። «በዓመቱ ትወስጃታለሽ፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ» አልኩ። ምን ልበል? እኛ አገር ትልቅ ሰው «አይደል?» ብሎ ከጨረሰ መልሱ አዎ ነው። ባይሆንም አዎ ነው። ነገሩ በኋላ በሰው በኩል ይለሳለሳል እንጂ ፊት ለፊት አይደለም አይባልም። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ተብለን ነው ያደግነው። ሃዊ ግን ልጅ ናት፤ አዎ ስል ሰማች፣ አመነችኝ።

ሲነጋጋ በሚኒባስ ወጣሁ። ሁሩሙን አልፈን የያዮ ጫካ ውስጥ ስንገባ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩና አለቀስኩ። የሃዊ አባት ከሞተ ወዲህ የአስተማሪ ደመወዝ ሦስታችንን አላኖር ብሎን፣ እንግሊዝ አገር ሽማግሌና ባልቴት የመንከባከብ ሥራ አገኘሁና ሄድኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ጀብድ የለውም።

እናንተ ያስተማርኳችሁ ታውቃላችሁ፣ እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ኩዌስችን ታግ በሚባለው፣ በዚያ በዓረፍተ ነገር ጭራ፣ ስንታችሁን አስጨንቄያችኋለሁ። ፊቱ አዎንታ ከሆነ ጭራው አሉታ፣ ፊቱ አሉታ ከሆነ ጭራው አዎንታ። «ሺ ኢዝ» ካላችሁ «ኢዝንት ሺ»፣ «ዩ ዲድንት» ካላችሁ «ዲድ ዩ»። አንድ የቡሬ ልጅ እንዲያውም «ቲቸር፣ እኛ በአማርኛ አንድ አይደል፣ በኦሮምኛ አንድ ሚቲ ይበቃናል፤ እነሱ ምን ሆነው ነው?» ብሎኝ ክፍሉ በሙሉ ስቋል። ጭራው ሰው ለመግረፍም እንደሚያገለግል ግን ያወቅኩት እዚህ መጥቼ ነው።

ስለ አገሩ ከጠየቃችሁኝ፣ ማራቸው የቀለጠ ከረሜላ ነው፤ የያዮን ማር የቀመሰ ሰው ያዝንላቸዋል። ዝናባቸውም እንደ እኛው ወርዶ አይወጣለትም፣ ቀኑን ሙሉ ሲያለቃቅስ ይውላል። የተከራየሁት ክፍል ግድግዳ በአልጋዬ በኩል እየጠቆረ መጣ። ሻጋታ ነው። ለላንድሎርዱ፣ ለቤቱ ባለቤት ማለቴ ነው፣ ደወልኩለትና አፍንጫውን ይዞ መጣ።

«ልብስ የምታሰጪው እዚሁ ውስጥ ነው፣ ዶንት ዩ?»

ሰውየው አባቴን ያህላል። «የስ» አልኩት።

«ስታበስዪ መስኮት አትከፍቺም፣ ዱ ዩ?»

በየቀኑ እከፍታለሁ። እሱ ግን መልሱን ይዞት ስለመጣ አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«አገርሽ በረሃ ነው፤ እርጥበት አልለመድሽም፣ አር ዩ?»

እንግዲህ ጉድ ስሙ። ጫማ አልጋ ሥር ረስታችሁ ብትከርሙ ጢም አብቅሎ የሚጠብቃችሁን ኢሉባቦርን ነው በረሃ የሚለው። እሱንም በዝምታ አሳለፍኩት።

ችግሩ የመጣው ሃዊን ላመጣ ስነሳ ነው። ልጅ ለማምጣት የከተማው ቤት ተቆጣጣሪ መጥቶ ክፍሉ ለልጅ ይሆናል ብሎ መመስከር አለበት። ላንድሎርዱ ቀድሞ ደውሎላቸው «ሻጋታውን ያመጣችው ራሷ ናት፣ አምናለች» አላቸው። የኔ ጨዋነት የልጄን መንገድ ሊዘጋ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ አዎ፣ አይነቅዝም፣ ይሻግታል እንጂ።

ተቆጣጣሪዋ የመጣች ቀን ይዘንብ ነበር። ባትሪ የያዘች፣ ብዙ የማታወራ ሴት ናት። ላንድሎርዱ አብሯት ገባና የለመደውን ጀመረ።

«ልብስ የምታሰጪው እዚህ ነው፣ ዶንት ዩ?»

«ኖ፣ አይ ዶንት። መንገድ ማዶ ማድረቂያ ቤት ነው የምወስደው።»

«መስኮት አትከፍቺም፣ ዱ ዩ?»

«የስ፣ አይ ዱ። አሁንም ክፍት ነው፣ ይመልከቱት።»

ፊቱ ቀላ። «ባለፈው ግን የስ ብለሽኛል፣ ዲድንት ዩ?»

«ብያለሁ። በእኛ አገር ለታላቅ ሰው አዎ የሚባለው ለክብሩ ነው። ክብሩን እርስዎ ጨረሱት።»

ተቆጣጣሪዋ ሳል አለች። ሳቋ ይሁን ጉንፋኗ አላውቅም። «ወደ ውጭ እንውጣ» አልኳቸው። የኢሉባቦር ሰው ግድግዳው ከረጠበ መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያውን ነው። አሸንዳው ተሰብሮ ውሃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ ልክ በአልጋዬ ትይዩ። ላንድሎርዱን ከሥሩ አቆምኩትና፣ ሰሌዳ ፊት እንደቆምኩ ቀስ ብዬ፣ «ዩ ካን ሲ ኢት፣ ካንት ዩ?» አልኩት።

ቀና አለ። ውሃው ግንባሩ ላይ ጠብ አለበት። ተቆጣጣሪዋም መልሱን ትጠብቃለች።

«የስ» አለ።

ሴትዮዋ ጻፈች። ምን እንደጻፈች አልነገረችኝም፣ «እናሳውቅሻለን» ብላ ሄደች። እሱ ደግሞ በሩ ላይ ዞር ብሎ «ክፍሉን ልፈልገው እችላለሁ» አለኝ። ይፈልገው። አፌን ግን መልሶ አያገኘውም።

እሁድ ስደውል ስልኩን ሃዊ አነሳችው። የፊት ጥርሷ ስለወለቀ ስታወራ ታፏጫለች።

«እማዬ፣ በዓመቱ ብለሽ ነበር፣ አይደል?»

«ብዬ ነበር።»

«ዓመቱ አለፈ፣ አይደል?»

«አለፈ።»

«ዘንድሮ ግን እመጣለሁ፣ አይደል?»

ከኋላዋ ዝናቡ የእናቴን ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማኛል። አዎ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ለጋሼ ተሰማ ያልኳት ያችው አዎ ናት፣ ለመናገር ቀላል ናት፣ ልጄን ግን ዓመት ሙሉ በር በር ስታሳያት ከርማለች።

«አላውቅም፣ የኔ እናት» አልኳት። «እየታገልኩ ነው። ግን አላውቅም።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«አትተዪም ግን፣ አይደል?»

«አልተውም።»

«እሺ» አለችና ስልኩን ለእናቴ ሰጠቻት።