ቀጥታ ነው ድጋሚ?

አባቴ ቴሌቪዥን ፊት ከመቀመጣቸው በፊት የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ «ቀጥታ ነው ድጋሚ?» ቀጥታ ስርጭት ከሆነ ነጠላቸውን አስተካክለው ሶፋው ጠርዝ ላይ ቀና ብለው ይቀመጣሉ። ድጋሚ ከሆነ እጃቸውን ያወናጭፉና «ተዪው፣ ያለፈ ነገር ነው» ብለው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። ድጋሚ ፕሮግራምን የሚያዩት እንዳደረ ሻይ ነበር።

ይህን ከየት እንዳመጡት አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ የሠራተኛውን መግቢያና መውጫ ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው ናቸው። አምስት ደቂቃ ያረፈደ ሰው ሞቼ ተነስቼ ነው ቢላቸው እንኳን አይሰሙትም። ካልጋሪ እኔ ጋ ሲመጡ የእጅ ሰዓታቸውን ሳይነኩ እንዳለ ተዉት። የሁለት ሰዓት ዜና እኛ ዘንድ የሚገባው ረፋድ ላይ ነው። እሳቸው ግን ፀሐይዋ በመስኮት እየገባች «መሸ፣ ዜናው ደረሰ» ይሉ ነበር። ዜና አንባቢው «ጤና ይስጥልኝ» ሲል ከወገባቸው ጎንበስ ብለው «አብሮ ይስጥልን» ይሉታል። ልጄ ትንሽ ሳለች ሰውየው አያቷን በአካል የሚያውቃቸው ይመስላት ነበር።

ፆማቸውንም የሚይዙት በዚያው ቴሌቪዥን ነበር። ዐይናቸው ከደከመ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ካላንደር ማንበብ አይችሉም። የሁዳዴን ሳምንታት የሚቆጥሩት በእሁዱ ስብከት ነው፦ ዛሬ ምኩራብ ነው፣ ዛሬ ደብረ ዘይት ነው እያሉ። ፋሲካን ደግሞ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ይፈስካሉ። እዚያ ዶሮ ሲጮህ እዚህ ገና ቅዳሜ አመሻሽ ስለሆነ እኔ አሾፍባቸው ነበር፤ አባባ፣ ካልጋሪ ላይ እኮ ጌታ ገና በመቃብር ነው እላቸዋለሁ። እሳቸው አይናደዱም። ትንሣኤው አንድ ነው፣ የዘገያችሁት እናንተ ናችሁ ይሉኛል። ስኳር አለባቸው፤ ሐኪሙ ፆሙን እንዲተዉ በልጄ አስተርጓሚነት ለምኗቸዋል። አንገታቸውን ነቅንቀው፣ ሐኪሙን አመስግነው፣ ፆማቸውን ቀጠሉ። እዚህ አገር ለብቻቸው፣ ያለማንም እርዳታ በትክክል የሚያደርጉት አንድ ነገር እሱ ብቻ እንደነበር ያኔ አልገባኝም።

ዲሹን የሰበረው በረዶ ነው። ኮራል ስፕሪንግስ በሚባለው ባለ ሐይቅ ሰፈራችን የሚኖር ሰው የሰኔን በረዶ ያውቀዋል፤ ሐይቁ ዳር ያሉትንም፣ እንደኛ ሐይቁን በመኪና ሲያልፉ ብቻ የሚያዩትንም እኩል ነው የሚደበድበው። የቤቱ ግድግዳ ወንፊት ሆነ፣ የመኪናዬ መስታወት ረገፈ፣ ዲሹ ደግሞ ተጣሞ ወደ ጎረቤት ጓሮ ወደቀ። ግድግዳው ተጠገነ፤ መስታወቱም ተቀየረ። ለዲሹ፣ ለከተማው ሐበሻ ግማሹ ዲሽ የሰቀለውን ሰውዬ ደወልኩለት። ሥራውን ትቶ ትራክ ይነዳል። «እህቴ፣ ዲሽ ማን ያያል? ሁሉም ሰው በኢንተርኔት ወደሚሠራው ቦክስ ገብቷል፤ ቦክስ ግዢ» አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ሰው ጠየቅኩ፤ እውነቱን ነው። አንዲት ሴትዮ ብቻ ዲሿን አላነሳችም፤ እሷም ወፍ ጎጆ ስለሠራበት ነው።

ልጄም የምትለው ይህንኑ ነበር። ካልጋሪ ነው የተወለደችው፣ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ ከተወለደች ጀምሮ አንድ ፕሮግራም በሰዓቱ ጠብቃ ያየች አይመስለኝም። «ማሚ፣ ሊትራሊ ማንም ሰው ዲሽ አያይም። ቦክሱን ሴታፕ አደርግለታለሁ፤ ዋትኤቨር ሂ ዎንትስ፣ በፈለገው ሰዓት ያያል» አለችኝ። በፈለጉት ሰዓት የሚለው ነገር እኔንም ደስ አለኝ። አየር ማረፊያው አጠገብ ያለ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው፤ ሺፍቴ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ለሁለት ሰዓት ዜና ብዬ ከመኝታዬ እየተነሳሁ የምከፍትላቸው እኔ ነበርኩ። ቦክሱ ገላገለኝ፤ አንዴ ከከፈቱት አያቆምም፣ አንዱ ሲያልቅ የሚመስለውን ሌላ ራሱ እያመጣ ያጫውታል።

መጀመሪያ ያስቀን ነበር። አባቴ አንድ መንገድ ሲመረቅ ሦስት ቀን ተከታትለው አይተው፣ ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ነው የሚመርቁት፣ ወይስ በየቀኑ ይሰበራል ብለው ጠየቁ። አስረዳኋቸው። ይሄ ቪዲዮ ነው፣ አንዳንዱ የዛሬ ነው፣ አንዳንዱ የዓምና ነው አልኳቸው። በማግስቱ እንደገና «ቀጥታ ነው ድጋሚ?» አሉ። እንደገና አስረዳሁ። በቀን አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ፣ ከሥራ ደክሜ ስገባ፣ ወደ ሥራ ስሮጥ። ድጋሚ ነው ካልኳቸው ያጠፉትና ቀኑን ሙሉ ግድግዳ እያዩ ይቀመጣሉ። ስለዚህ አንድ ቀን «ቀጥታ ነው፣ አባባ» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና ብለው ተቀመጡ። ሰውየው ጤና ይስጥልኝ አላቸው፤ አብሮ ይስጥልን አሉት። ያ ሰላምታ የስንት ወር ሰላምታ እንደነበረ አላውቅም። ቀላል ነገር ነው ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ቃሉ ለምላሴ ቀለለኝ። ከየትኛውም ክፍል ሆኜ፣ ስክሪኑን እንኳን ሳላይ፣ ቀጥታ ነው እላለሁ።

ሁዳዴ ሲገባ ሺፍቴ ቅዳሜና እሁድ ሆነ። አባቴን ቤተ ክርስቲያን የሚወስዳቸው ሰው አልነበረም፤ በረንዳው በረዶ ስለሆነ ለብቻቸው በሩን መውጣት አይችሉም። እሳቸው ስብከቱን ያያሉ፣ እኔ እቃ እጭናለሁ። እኔ ፆሙን እንደነገሩ ነው የምይዘው፤ ስንተኛ ሳምንት ላይ እንዳለን ብትጠይቁኝ አላውቅም። አንድ ጊዜ ባለፈው ምኩራብ ነበር፣ ዛሬ እንዴት ደብረ ዘይት ይሆናል፣ መሐል ላይ መፃጉዕ የት ሄደ ብለው ጠይቀውኛል። ጊዜው ሮጦብዎት ነው አልኳቸው። ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ፣ ዘረጉ፣ እንደገና ቆጠሩ። ሠላሳ ዓመት የሰው ደቂቃ የቆጠረ ሰው በራሱ ቁጥር ላይ ሲጠራጠር አየሁና ጫማዬን ማሰር ቀጠልኩ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ ቁልፌን እየፈለግኩ ሳለ ከሳሎን ተጣሩ። ዛሬ ሆሣዕና ነው እንዴ፣ ዘንባባ ይዘዋል አሉ። ቀጥለውም «ቀጥታ ነው?» አሉኝ። ቁልፉን አገኘሁት። «ቀጥታ ነው» ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ከማግስቱ ጀምሮ ሰላም አልሰጥ አሉኝ። ስገባ ልስማቸው ጎንበስ ስል ፊታቸውን ያሸሻሉ። እጄን ስዘረጋ አይነኩትም። ልጄንም እንዲሁ። ቤተ ክርስቲያን ስላልወሰድኳቸው አኩርፈው ነው ብዬ ደመደምኩ፤ እኔም እልኸኛ ነኝ፣ መልሼ አኮረፍኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ እንደ ተጣላ ሰው ተላለፍን። ክፍላቸው ውስጥ ደጋግመው ሲሰግዱ፣ ግንባራቸው ወለሉን ሲነካው እሰማ ነበር። በሕማማት ሰላምታ እንደሌለ፣ መሳሳም እንደሌለ ማንም ልጅ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን ሕማማት አልነበረማ፤ ሕማማት የነበረው ለእሳቸውና ለቦክሱ ብቻ ነው። ቦክሱ ሆሣዕናን ካዩለት በኋላ ቀጣዩን ያውቃል፤ የሕማማቱን፣ የስቅለቱን፣ ተራውን ጠብቆ አቀረበላቸው። የዓምናውን።

ቅዳሜ ዕለት ከሥራ የወጣሁት ሊመሽ ሲል ነው። በሩን ስከፍት የዶሮ ወጥ ሽታ ተቀበለኝ። ልጄ ጠረጴዛውን አሰናድታ ፊቷ በርቷል። አያቷ ዛሬ ዶሮ እበላለሁ ሲሏት የሐኪሙን ምክር በመጨረሻ የሰሙ መስሏት፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ኢንተርናሽናል አቬኑ ድረስ ነድታ ገዝታ መጥታለች። አባቴ አዲሱን ነጠላቸውን ለብሰዋል። መብላት ጀምረዋል። ሲያዩኝ ብድግ አሉ፤ ሳምንት ሙሉ የሸሸኝን ጉንጫቸውን አቀረቡልኝ።

«እንኳን አደረሰሽ» አሉኝ።

ስክሪኑ ላይ ሰው ሁሉ ጧፍ ይዟል፤ እልልታው ቤቱን ሞልቶታል። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር አንድ ላይ የገባኝ፤ ኩርፊያው፣ ስግደቱ፣ ዘንባባው። የስልኬን ካላንደር ሰርቄ አየሁት፤ ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ይቀራል። ቢሆንም አፌ የለመደውን አደረገ፤ እንኳን አብሮ አደረሰን አልኳቸው። ተቀመጥኩ። አንድ ጉርሻ አጎረሱኝ፣ ዋጥኩት። ሁለት ሳምንት ይህን ውሸት ማኖር ይቻል ይሆን ብዬ እያሰላሁ ነበር፤ ይህን አልክድም።

አባቴ እጃቸውን በናፕኪን ጠርገው ወደ ስልኬ አመለከቱ።

«እህቴ ጋ ደውይልኝ። እንኳን አደረሰሽ ልበላት።»

«ተኝታ ይሆናል፣ አባባ።»

«በፋሲካ ሌሊት ማን ይተኛል?»

የእጅ ሰዓታቸውን ዐይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩ። አዲስ አበባ ዶሮ ጮኋል፤ ቤቱ ሁሉ መብራት አብርቶ ሊገድፍ ተቀምጧል ብለው ነው የሚያስቡት። አክስቴ ግን በዚያ ሰዓት ፆሟን ይዛ ተኝታለች። ብደውል ደንግጣ ማን ሞተ ነው የምትለው። ኔትወርክ የለም ልበል አልኩ፤ ልጄ ስልኳን አውጥታ ልትደውልላቸው ጀመረች። እጇን ያዝኩት።

«አባባ፣ ፋሲካ አይደለም። ሁለት ሳምንት ይቀራል።»

አፋቸው ውስጥ ያለውን አልዋጡትም፣ አልተፉትም።

«ያየሁት ታዲያ?»

«ድጋሚ ነው። የዓምና ነው።»

«ቀጥታ ነው ብለሽኛል።»

አልጮኹብኝም፤ ቢጮኹብኝ ምናለ ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ። አፋቸውን በናፕኪኑ ውስጥ አራገፉት፣ ነጠላቸውን አውልቀው በአራት አጠፉት፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ልጄ ማልቀስ ጀመረች። «አይ ዲድንት ኖው፣ ማሚ፤ ሊበላ ነው ብዬ ነው» ትለኛለች። አንቺ ምን አደረግሽ አልኳት። ይህ እውነት ነበር።

በማግስቱ ለንስሐ አባታቸው ደወልኩ። ሳያውቁ ያደረጉት ነው፣ እግዚአብሔር ልብን ያያል፣ ቀሪውን ይፁሙ አሏቸው። አባቴ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አመሰገኑ፤ ሲዘጉት ፊታቸው እንደነበረው ነው። ልጄ ደግሞ ቦክሱን ስትጎረጉር ውላ አንድ ነገር አሳየችኝ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ቀይ ነጥብ ያላት፣ «ላይቭ» የምትል ትንሽ ጽሑፍ ነበረች። እሷን ከተጫኑ የአገር ቤቱ ጣቢያ በዚያው ደቂቃ የሚያስተላልፈው ይመጣል፤ የሁለት ሰዓት ዜናው፣ የእሁዱ ስብከት፣ ሁሉም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበረች። ከሁለታችን አንዳችንም ፈልገናት አናውቅም፤ ለእኛ አታስፈልገንማ።

እውነተኛው ፋሲካ ሲደርስ ፈቃድ ጠይቄ ቤት ዋልኩ። ዶሮውን ራሴ ሠራሁ። ቀዩን ነጥብ ተጭነን ድምፁን ከፍ አደረግነው፤ ቅዳሴው በዚያች ደቂቃ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ክፍላቸው ገብቼ፣ አባባ፣ ዶሮ ጮኋል፣ እንኳን አደረሰዎት አልኳቸው። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው ትንሽ አዳመጡ።

«ቀጥታ ነው ድጋሚ?»

«ቀጥታ ነው፣ አባባ። በእግዚአብሔር ስም፣ ቀጥታ ነው።»

ራሴን ሰማሁት። ያው ቃል፣ ያው ድምፅ ነው፤ ቁልፌን እየፈለግኩ ከምለው ምንም አይለይም። «እሺ፣ ልጄ» አሉኝ። ሽሮ ብቻ እንዲቀርብላቸው ጠየቁ። የዚያን ዕለትም፣ በማግስቱም ሽሮ በሉ። ፆም በሌለበት በሃምሳው ቀንም እየፆሙ ናቸው። ንስሐ አባታቸው ቤት ድረስ መጥተው ተቆጧቸው፤ እሺ አሉ፣ ሸኟቸው፣ ሽሮ በሉ። ሐኪሙ ስኳራቸውን እያየ ፊቱን ያጠቁራል።

ቴሌቪዥኑን ከዚያ ወዲህ አልከፈቱትም። ሶፋው ጠርዝ ላይ ግን አሁንም በሰዓታቸው ይቀመጣሉ። ልጄ ፊልሟን በስልኳ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ክፍሏ ውስጥ ታያለች፤ እኔ የጀመርኩትን ተከታታይ ድራማ ምሳ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ውስጥ እጨርሳለሁ። ሦስታችንም በየራሳችን ሰዓት ነን።

ቀኑን በየጠዋቱ እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ዛሬ ሐሙስ ነው እላለሁ። እሺ ይሉኛል። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ወጥ ቤት ሆኜ ቁርስ ስሠራ የቆሻሻ መኪናው በመንገዳችን መጣ። በየማክሰኞው ነው የሚመጣው፤ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ቢኑን ሲያነሳና ሲያወርድ ድምፁ ቤቱን ያናውጠዋል። አባቴ በዳበሳ ተነስተው መስኮቱ ጋ ሄዱ፣ ጆሯቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ፣ መኪናው እስኪርቅ ቆሙ።

«ማክሰኞ ነው» አሉ ለራሳቸው።

ከአንድ ሰዓት በፊት ነግሬያቸው ነበር።