መርዶ ይዤ ወደ ነስሩ ጀልባ

ከቻምበርስ ሮድ መነሳት

ዴንቨር አጠገብ ካለችው ኦሮራ፣ ከቻምበርስ ሮድ ሰፈራችን የተነሳሁት አገር ለማየት አልነበረም። ጊዜው በፈረንጆች የዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ወሩ ሚያዝያ ነበር። እናታችን አዲስ አበባ ካረፈች ሦስት ሳምንት አልፏታል። ታናሽ ወንድሜ ነስሩ ግን አልሰማም። ነስሩ ቤልጅየም ውስጥ ጌንት ከምትባል ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቦይ ላይ በታሰረች አሮጌ የጭነት ጀልባ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ሥራው እንደሷው ያረጁ ጀልባዎችን መበየድ ነው። እሁድ እሁድ ከመንገድ ስልክ ሲደውልልኝ “እማ ደህና ናት” እለዋለሁ። አዲስ አበባ ሲደውል ደግሞ እህታችን “ለቅሶ ልትደርስ ወጥታለች” ትለዋለች። ውሸት አልቆብን ነበር።

በሰፈራችን ትልቅ ሰው የሆኑት ሀጂ ዑመር ቤቴ መጥተው ነገሩን ቆረጡት።

“መርዶ በስልክ አይነገርም” አሉኝ። “ብቻውን ላለ ሰውማ ጭራሽ። ንጋት ላይ፣ ሱብሂ ከተሰገደ በኋላ፣ ሰው ከቦት፣ ሁለት እጁን ይዘህ ነው የምትነግረው።”

የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሀያት ከሶፋው ላይ ቀና ብላ “ዳዲ፣ ጀስት ኮል ሂም” አለች፤ ዝም ብለህ ደውልለት ማለቷ ነው። እናቷ በዓይኗ ገሠጸቻት፤ እኛም ሳቅንባት።

ዴንቨር ኢንተርናሽናል ኤርፖርት የመንገደኛ ዊልቸር የምገፋበት መሥሪያ ቤቴ ነው። የዚያን ቀን ግን መንገደኛ ሆኜ፣ የምገፋው ነገር ሳይኖር በዚያ ረጅም አዳራሽ ስሄድ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ።

በባቡር ወደ ጌንት

በቺካጎ በኩል አምስተርዳም ገባሁ። ከዚያ ባቡር ይዤ ወደ ደቡብ ወረድኩ። አገሩ ሜዳ ነው፤ እንደ እኛ ዴንቨር አቅጣጫ የሚጠቁም ተራራ የለውም። ላሞች በሣሩ ላይ ተኝተዋል፤ ከእነሱ ማዶ ረጅም ጀልባ በእርሻው መሀል የሚሄድ ይመስላል። ውሃው ከሩቅ አይታይም። ጌንት ጣቢያ ላይ በስድሳ ፍራንክ ጣት በምታህል ስኒ ቡና ጠጣሁና አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እሁድ ሲደውል እንደምመጣ ነግሬው ስለነበር የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ነስሩ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። አጎንብሶ ጉልበቴን ሊስም ሲል ያዝኩት።

“ምነው በደህና?” አለኝ።

“እረፍት ሰጡኝ፤ ልጠይቅህ መጣሁ” አልኩት።

አመነኝ።

ጀልባዋ

ሠላሳ ስምንት ሜትር ትረዝማለች። ድሮ ከሰል ትጭን ነበር፤ አሁንም የወለሉን ጣውላ ሲያነሱት ጥቁር ትቢያ ይወጣል። ነስሩ የጭነቱን ጉድጓድ በጣውላ ከፍሎ ቤት አድርጎታል። ውሃ የሚቀዳው ከዳር በጎማ ነው፤ ምድጃው እንጨት ይበላል። በአጠገቧ ጭነት የያዘ ትልቅ ጀልባ ባለፈ ቁጥር ወለሉ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ። ዝገቱን በየዓመቱ ካልፋቅኩላት ትሰምጣለች አለኝ።

ከዚያ አንዲት ትንሽ ክፍል ከፈተልኝ። ዝቅ ያለ አልጋ፣ በውሃው በኩል ትንሽ መስኮት፣ ጥግ ላይ መስገጃ ተነጥፏል።

“የእማ ናት” አለኝ። “ቪዛው በዚህ ወር ይመጣል። አልጋውን ዝቅ ያደረግኩት ለጉልበቷ ነው። የስግደቱን አቅጣጫ፣ ቂብላውን፣ በኮምፓስ ለክቼዋለሁ። ጀልባዋ ከዞረች እሱም ይጠፋል፤ ስለዚህ እማ መጥታ እስክትመለስ አላንቀሳቅሳትም።”

ቆንጆ ነው አልኩት። የሆዴን በሆዴ ይዤ ወጣሁ። እንግዳ ነህና እዚሁ ተኛ ብሎ ሻንጣዬን አስገባልኝ። የመጀመሪያውን ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም።

በማግስቱ ከዳር ወደ ጀልባዋ የሚያሻግረውን የጣውላ ድልድይ አሳየኝ። “አንተ ዊልቸር የምትገፋ ሰው ነህ፤ እስቲ እየው፣ እማን ያስወጣታል?” አለ።

አየሁት። ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ ነበር። ዝም ማለት ስችል አፌ አመለጠኝና “ትንሽ ረዘም ቢል ይሻላል” አልኩት። ቀኑን ሙሉ ጣውላ ስንቆርጥና ብረት ስንበይድ ዋልን። “እንኳን መጣህ” ይለኛል በየመሀሉ። ሳቁ የእማን ይመስላል።

ማዳም ማሪያ

ከጎን በታሰረችው ጀልባ ማዳም ማሪያ የሚባሉ አሮጊት ከታመሙ ባላቸው ጋር ይኖራሉ። ተወልደው ያረጁት ጀልባ ላይ ነው። ማምሻውን ነስሩ ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ ወደ እሳቸው ተሻገርኩ። እኔ በኤርፖርት እንግሊዝኛዬ፣ እሳቸው በጥቂቷ በሚያውቋት፣ ተግባባን። እናታችን ሞታለች፣ ነገ ጠዋት ልነግረው ነውና አጠገቡ ይሁኑልኝ አልኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እሺ አሉ። በእኛም በጀልባ ሰዎች ዘንድ ወግ አለ ሲሉኝ፣ ወጉ ምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ያን ሌሊት ድካሙ ጣለኝ።

በኋላ እንደሰማሁት፣ ነስሩ ለሱብሂ ሊታጠብ፣ ውዱእ ሊያደርግ፣ የጀልባዋ በረንዳ ላይ ሲወጣ የማዳም ማሪያ ጀልባ ባንዲራ እስከ ግማሽ ዝቅ ብሏል። በቦዩ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እሱ ያውቃል። ባላቸው የሞቱ መስሎት በላስቲክ ጫማ ሮጦ ተሻገረ። አቅፎ “አዝናለሁ” አላቸው። ምስኪኗ ሴትዮ ባንዲራውን ያወረዱት ለእናታችን ነበርና፣ ቀድሜ የነገርኩት መሰላቸው። “እኔም ስለ እናትህ አዝናለሁ” አሉት።

የቀሰቀሰኝ ትናንት የሠራነው ድልድይ ሲንቋቋ ነው። ነስሩ መጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ገና የውዱእ ውሃ አለ።

“ባላቸው የሞቱ መስሎኝ ላጽናናቸው ነበር የሄድኩት” አለኝ። ቀጥሎም፣ “ትናንት ድልድዩ ይርዘም ስትለኝ ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ኢና ሊላሂ” አለና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። እጆቹን ልይዝ ብነሳ አልሰጠኝም።

አራት ቀን አብሬው ተቀመጥኩ። የጀልባ ሰዎች ሾርባና ዳቦ እየያዙ መጡ፤ እንደኛው ለቅሶ ቤት ዝም ብለው ይቀመጣሉ። በአራተኛው ቀን ነስሩ ገመዱን ፈታ። ጥገና ወደሚጠብቀው ጀልባ ሊሄድ ነበር። ጀልባዋ ቀስ ብላ ስትዞር መስገጃውን ጠቅልሎ ሰጠኝ።

“ሌላ ጊዜ በስልክ ንገረኝ” አለኝ።

ወደ ኦሮራ መመለስ

ሀጂ ዑመር ቤቴ ጠበቁኝ። መንገዱን አልጠየቁኝም።

“ንጋት ላይ ነው የተነገረው?”

“ንጋት ላይ ነው፣ ሀጂ።”

“ሰው ነበረ?”

“ጎረቤቱ ነበሩ። ተቃቅፈው ሳሉ ነው የነገሩት።”

“አልሀምዱሊላህ፣ እንደ ወጉ ነው” አሉ።

ሀያት ከሶፋው ላይ ታየኛለች። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት እሷ ሳልነሳ የነገረችኝን ነው፤ ወንድሜ መርዶውን ብቻውን እንዳይሰማ ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ እኔ ሳልኖርለት ብቻውን ሰማ። ለሀጂ የነገርኳቸው ሁሉ እውነት ነው። ያልነገርኳቸው፣ እኔ ያን ሰዓት ተኝቼ እንደነበር ነው። የተኛሁትም የእማ አልጋ ላይ ነበር።