ሁለቱ የፊልም መነጽሮች

ባለቤቴ ሕመሙ እንደማይድን ያውቅ ነበር ወይስ ሳያውቅ ሄደ? ከቀበርነው ቀን ጀምሮ በልቤ የሚመላለሰው ይህ አንድ ጥያቄ ነው። ሊያጽናናኝ የሚመጣ ሰው ሌላ ሌላውን ያነሣልኛል፤ ደግነቱን፣ ጨዋታውን፣ የቀባሪውን ብዛት። እኔ ግን የዋሸሁት እኔ ነኝና ማወቅ የምፈልገው ይህን ብቻ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ከሰው አይደለም። ለፊልምና ለጌም ተብሎ ከተሠራ፣ ዐይን ላይ ከሚደረግ መነጽር ነው። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ባለቤቴ ቆቦ ከተማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ቪዲዮ ቤት ነበረው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ መስኮቱ ላይ የተቸነከረ ብርድ ልብስና ስምንት አግዳሚ ወንበሮች። በሬውን ሸጦ የሚመለስ ገበሬ፣ አውቶቡስ ያመለጠው መንገደኛ፣ ከሌላ አውራጃ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ሳይቀር ይገባ ነበር። እኔም ከእነዚያ አስተማሪዎች አንዷ ነበርኩ፤ የተዋወቅነውም እዚያው ነው። ሰዉ የሚመጣው ለፊልሙ ብቻ አልነበረም። ፊልሙ እየሄደ እሱ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ በአማርኛ ይተርካል። የሚስቀውን እየሳቀ፣ የሚያለቅሰውን እያለቀሰ፣ ፈረሱን ሳይቀር እያናገረ። እንግሊዝኛውን ጥቂት ጥቂት ይሰማል፤ ህንድኛ ግን አንዲት ቃል አያውቅም። ከተጋባን በኋላ አንድ ቀን፣

«ህንድኛውን የት ተማርከው?» አልኩት።

«ከፊታቸው» አለኝ።

አዲስ ዕቃ ሲያስገባ አንድ የማይለውጠው ልማድ ነበረው። ቴሌቪዥኑን ይከፍትና ወደ መጨረሻው አግዳሚ፣ ምሰሶው ከሚጋርደው ጥግ ሄዶ ይቀመጣል። ነጋዴው ከፊት ሆኖ «እዚህ ና እንጂ፣ ጥራቱን ከዚህ እይ!» ይለዋል። እሱ አይንቀሳቀስም። «የፊት ወንበር ሁሉን ያሞግሳል። ዕቃ የሚመዘነው ከመጥፎው ወንበር ነው» ይላል። ድምጽ ማጉያውን በገበያ ቀን ጫጫታ፣ ጄኔሬተሩን በግንቦት ሙቀት ነበር የሚፈትነው።

በኋላ በየቤቱ ዲሽ ገባ፣ ቪዲዮ ቤቱም ተዘጋ። ለስልክ ሜሞሪ ፊልምና ዘፈን የሚጭንበት ትንሽ ክፍል ከፍቶ ሲሠራ ጥቂት ዓመታት እንደቆየ ጀርባው ታመመ። ደሴ ድረስ ሄድን። ሐኪሙ እኔን ብቻ ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝና፣ አከርካሪው ላይ የበቀለው ነገር ሥር እንደሰደደ፣ ከእንግዲህ ማድረግ የሚቻለው ሕመሙን ማስታገስ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። በአገራችን ለታማሚ እንዲህ ያለው ነገር ፊት ለፊት አይነገርም። ለመርዶ እንኳ ሰዓትና ነጋሪ ይመረጥለታል። ከታናሽ እህቱ ጋር በስልክ ተማከርንና እንዳይነገረው ተስማማን። ወደ እሱ ስመለስ ፊቴን ታጥቤ ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«ዲስክ መንሸራተት ነው። በጀርባህ ተኝተህ ካረፍክ ይስተካከላል።»

«ዲስክ ብቻ?»

«ዲስክ ብቻ።»

«ስንት ዓመት ዲስክ ሳጫውት ኖሬ፣ በመጨረሻ የራሴ ተበላሸ በይኛ» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ቤት ገብቶ በጀርባው ተኛ። ትራስ ከፍ ሲደረግለት ስለሚያመው ቴሌቪዥን ማየት አልቻለም። ጣራውን ሲያይ ይውላል፤ የቆርቆሮውን ምስማር በረድፍ በረድፍ ያውቀዋል። ያን ጊዜ ነው ጅዳ የምትሠራው እህቱ ለአንድ ወር ፈቃድ የመጣችው። ከሻንጣዋ ሁለት ካርቶን አወጣች።

«ጋሼ፣ እነዚህ የፊልም መነጽር ናቸው። ዐይንህ ላይ ታደርገዋለህ፣ ተኝተህ ሲኒማ ታያለህ። አንዱ ላንተ፣ አንዱ ዋጃ ጌም ቤት ላለው ለአጎታችን ልጅ። የሚሻለውን አንተ ቀድመህ ምረጥ።»

የባለቤቴን ፊት በርቶ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። «ዛሬ አልመርጥም። ዕቃ በአንድ ቀን አይታወቅም» አለ። ደብተርና እስክርቢቶ አስመጣኝና ጸሐፊው አደረገኝ።

ትልቁ ፊትን ከግንባር እስከ ጉንጭ የሚሸፍን፣ ከኋላ በጎማ የሚታሰር ነው። ትንሹ ደግሞ እንደ ጥቁር የፀሐይ መነጽር ያለ፣ ወፈር ያለ ፍሬም ያለው። ሁለቱም በሽቦ ከማጫወቻ ጋር ይያያዛሉ። በመጀመሪያው ቀን ትልቁን አደረግንለት።

«ወይ ጉድ» አለ። «ጻፊ። ምስሉ ሰፊ ነው፣ እንደ አዲስ አበባ ሲኒማ። ጽልመቱ ጽልመት ነው፤ ብርሃን አያስገባም። ድምጹ ጆሮ ይሞላል።»

እኔ እጽፋለሁ። ስጠራው አይሰማኝም። ውሃ ልሰጠው ክንዱን ስነካው እንደ ሌባ ደነገጠ። በስምንት ሰዓት ገደማ፣ የራያ ሜዳ ሙቀት ቆርቆሮውን ሲያጮኸው፣ ጎማው ሥር ላቡ ተጠራቀመና መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፈነ። እሱንም አስጻፈኝ። አንገቱን እንደሚከብደውም ጻፍኩ።

በማግስቱ ትንሹን ሞከረ። «ምስሉ ያንሳል። ከመሐል አግዳሚ የሚታይ ቴሌቪዥን ያህል ነው። ፊደሉ ጥግ ጥጉ ላይ ይደበዝዛል። የማንበቢያ መነጽሬ ከሥሩ አይገባም፤ ግን በዚች መዘውር ይስተካከላል። ክብደት የለውም።»

«ከታችስ?» አለች እህቱ። ራሷ አድርጋው አይታ ነበር። «በአፍንጫ ግራና ቀኝ ክፍት ነው እኮ። ብርሃን ይገባል፣ ምስሉን ያፈዘዋል።»

«እንግዲያው ክፍተት አለው ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን የአጎቱ ልጅ ከዋጃ የጌም ማሽኑን በማዳበሪያ ጠቅልሎ በሚኒባስ መጣ። ቀልደኛ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ነው። ትልቁን ጭንቅላቱ ላይ አሠረና የመኪና እሽቅድድም ጀመረ። ወንበሩ ላይ ሆኖ ከገደል ለመትረፍ ሲጎብጥ፣ ሲያዘነብል፣ በመጨረሻ የውሃውን ጀሪካን በክርኑ ገፍቶ ምንጣፌን አራሰው።

«ሰውዬ! ገደሉ ቤቴ ውስጥ አይደለም!» ስለው፣

«እትዬ በሞቴ አትንኪኝ፣ ሁለተኛ ልወጣ ነው!» ይላል።

«መንጃ ፈቃድህን አምጣ» አለው ባለቤቴ ከተኛበት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ የአጎቱ ልጅ ትንሹን ሞከረና ወዲያው አወለቀው። «አያ፣ ይሄ ለጌም አይሆንም። በክፍቱ በኩል የገዛ ጉልበቴን እያየሁ እንዴት መኪና ልንዳ? ልብ ይከፍላል። ለፊልምም ቢሆን ትልቁ ይሻልሃል። እኔ በእውነት በትንሹ አልቀየምም፣ ለደንበኛ እንደምንም አደርገዋለሁ።»

«ትልቁን ውሰድ» አለ ባለቤቴ።

ሁላችንም ተቃወምን። እህቱማ ተቆጣች። «ጋሼ፣ ሦስት ቀን አስጽፈህ፣ ደብተሩ ራሱ ትልቁ ይሻላል እያለ?»

«ትንሹ ይቀላል። አንገቴን አያመኝም» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። በሽተኛ ነውና ተውነው። እኔ ብርሃኑ እንዳይረብሸው ብዬ ከአሮጌ ጥቁር ቀሚሴ ሁለት ቁራጭ ቆርጬ ክፍተቱ ላይ ልሰፋለት ተነሣሁ። እጄን ያዘኝ። «ተይው። አየር ይግባልኝ» አለኝ። ቁራጮቹን ወደ መስፊያ ሣጥኑ መለስኳቸው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት፣ እውነቱን ለመጻፍ፣ መልካም ወራት ነበሩ። እህቱ ወደ ጅዳ ከመመለሷ በፊት ሜሞሪውን በፊልም ሞልታለት ነበር። ከሰዓት በኋላ ጥቁሩን መነጽር ያደርግና አንዱን ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ሌላውን ደረቱ ላይ ይተወዋል። ከዚያ ይተርክልኛል። እኔ ምስሉን አላይም። ከአልጋው ግርጌ ካለችው በርጩማ፣ ከዱካዋ ላይ ተቀምጬ ምስር እየለቀምኩ እሰማዋለሁ። በሽተኛ ሊጠይቁ የሚመጡ ጎረቤቶችም ዝም ብለው ሲቀመጡ ቆይተው መልመድ ጀመሩ። እዚያው አጠገባችን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት፣

«ትናንት ያቺን ልጅ ከወንዝ አወጧት ወይ ልጄ?» ይላሉ ገና ከበር።

«አውጥተዋታል እማማ። ዛሬ ሠርጓ ነው።»

«እልልል! ብዬ ነበር እኮ!»

አንዱም ሰው የሚታይ ነገር ሳይኖረው፣ ሁሉም ወደ እሱ ፊት እያየ ቪዲዮ ቤቱ ተመልሶ ተከፈተ።

እኔም በዚያ ሰዓት ነበር የማለቅሰው። ቀኑን ሙሉ ዐይኑ ዐይኔ ላይ ስለሆነ አልችልም። መነጽሩን ሲያደርግ ግን ዐይኑ ተሸፈነ፣ እሱ ሌላ አገር ሄደ እላለሁ። ጎረቤት በሌለበት ቀን እንባዬ ምስሩ ላይ እየወረደ፣ ድምጽ ሳላሰማ፣ አልፎ አልፎ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያልኩ እሰማዋለሁ። በነጠላዬ ጫፍ እጠርግና ፊልሙ ሲያልቅ ፊቴ ደርቆ ይጠብቀዋል።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አንድ ፊልም ደጋግሞ ተረከልኝ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መኪናው በረሃ መሐል ተበላሽታበት ወደ ቤቱ በእግሩ ይሄዳል። ሚስቱ ደጅ ላይ ልብስ እያሰጣች ትጠብቀዋለች። በባለቤቴ አተራረክ ሹፌሩ በመጨረሻ አቧራ ለብሶ ይደርሳል፤ ሚስትየው የያዘችው ልብስ ከእጇ ይወድቃል፤ ገብተው እራት ይበላሉ። «ደረሰ?» እለዋለሁ ሁልጊዜ። «ደረሰ። እንዴት አይደርስም?» ይለኛል።

ማሽላው በሚታጨድበት ወቅት አረፈ።

ከአርባው በኋላ የአጎቱ ልጅ ከዋጃ ደወለ። እያፈረ ነበር የሚናገረው።

«እትዬ፣ አሁን መጠየቄ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ከጅዳ የሚመጣ ሰው አለ። ያቺን የአያን ዓይነት ትንሿን ለፊልም ደንበኞች ላስመጣ ወይ? እኔ ለጌም እንጂ ለፊልም አልፈተንኳትም። ሰው ሙሉ ፊልም አድርጓት ያያል? አያ ምን ይል ነበር?»

«አይቼ እነግርሃለሁ» አልኩት።

ሐዘን ላይ ነኝ፤ ቴሌቪዥናችን በጨርቅ እንደተሸፈነ ነው። ግን ሰው ለጠየቀኝ መልስ መስጠት አለብኝ ብዬ መነጽሩን ከካርቶኑ አወጣሁ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ልሞክር ብዬ ነበር። ከዚያ ልማዱ ትዝ አለኝ። ከመጥፎው ወንበር። የእሱ ወንበር አልጋው ነበር። ከሞተ ጀምሮ ያልተኛሁበት አልጋ ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩና የሹፌሩን ፊልም ከፈትኩ።

ምስሉ እንዳስጻፈኝ ነው፤ ከመሐል አግዳሚ የሚታይ ያህል፣ ጥጉ ደብዛዛ። ሹፌሩ መኪናውን ትቶ ሄደ። ሚስትየው ልብስ አሰጣች። ሁሉም እንደተረከልኝ ነው። በመጨረሻ ሹፌሩ ከአንድ ድንጋይ ጥላ ሥር ተቀመጠ። አልተነሣም። አሸዋው ጫማውን ሸፈነው። ሚስትየው ልብሱን ከገመዱ አወረደች፣ አጣጠፈች፣ ገብታ በሩን ዘጋች። አለቀ። እራት የለም፤ የደረሰ ሰው የለም።

መነጽሩን ሳላወልቅ ዐይኔን ብቻ ከምስሉ ወደ ታች መለስኩ። በአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ባለው ክፍተት በኩል ግርጌው ይታያል። ዱካዋ በቦታዋ ነበረች። የሚታየው እግሯ ብቻ አይደለም፤ ሰው ቢቀመጥባት ፊቱ ሳይቀር ይታያል። የዘጠኝ ሰዓቱ ፀሐይ በበሩ ገብቶ አብርቶባታል።

ስንቱን ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያ ተቀምጬ አልቅሻለሁ።

እንደተጋደምኩ ብዙ ቆየሁ። አለቀስኩ፣ ነገር ግን እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ሰው እንደሚያየኝ ሆኜ ነው። እኔ ደብቄዋለሁ ስል እሱ ደብቆኝ ኖሯል። የዲስኩን ነገር ከመጀመሪያው ቀን አላመነውም ይሆናል፣ ወይም ከዱካዋ ላይ አንብቦት ይሆናል፤ ፊት ማንበብ ያውቅበታል። ያወቀ ሰው ነው ሹፌሩን በየቀኑ ቤቱ ያደረሰልኝ።

በማግስቱ ዋጃ ደወልኩ።

«ለፊልም ትሆናለች። አስመጣ» አልኩት።

«ክፍቱስ እትዬ? እኔ እኮ ስፖንጅ ቆርጬ ልደፍነው አስቤ ነበር።»

«ለደንበኛህ እንደፈለግህ አድርግ» አልኩት። «የመጣ ሰው ሁሉ ግን መጀመሪያ ሳይደፈን ይሞክረው። ምናልባት አጠገቡ የሚያየው ሰው ይኖረዋል።»

«ይሄ የአያ ቃል ነው?»

«አይደለም። የእኔ ነው» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ደብተሩን አወጣሁ። «ክፍተት አለው» ብሎ ካስጻፈኝ ሥር በራሴ እጅ ጻፍኩ፦ ከአልጋው ሆኖ ግርጌ ላይ ያለው ሰው በደንብ ይታያል።